ቡሬ አልፋልፋ የበላ ቀን

ዘንድሮ ከአልፋልፋዬ ላይ አንድ ቀንበጥ ቀንጥሼ ጫፉን በጥፍሬ ስፈለቅቀው ትሉን አገኘሁት። አረንጓዴ ነው፤ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር አለው፤ ራሱ ጥቁር ነው። ሲያድግ አፉ ሾጠጥ ያለ ቡናማ ነቀዝ ይሆናል። ከማሽላ ጎተራ ከምናውቀው ነቀዝ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ይሄኛው ግን ደረቅ እህል አይፈልግም፤ ለምለም ነው የሚፈልገው። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ መኖው ይጨነቅ ነበር። እኔ ትሉን መዳፌ ላይ አድርጌ ሳየው አፍንጫዬን የሞላው የበሬ ሆድ ዕቃ ሽታ ነው። ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም ያ ሽታ ያስደነግጠኛል።

ያኔ የፊት ጥርሴ ወልቆ ሌላው ገና አልበቀለም። መንደራችን ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። የዚያ ዘመን ልጆች ታስታውሱታላችሁ፤ ጥንቅሽ በመንጋጋ እየላጥን፣ ከልጣጩ መነጽርና መኪና እየሠራን፣ ከሰዓት በኋላ አቧራው እንደ ግድግዳ ቆሞ ሲመጣ በአንድ ጨርቅ ሦስት አራት ሆነን ተከናንበን እየሳቅን ነው ያደግነው። ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር ብዬ አልዋሽም። ይርበን ነበር። በዚያ ዓመት ግን አንድ ትልቅ ነገር እጠብቅ ነበር። ማሽላው ተዘርቶ ሲያበቃ ትምህርት ቤት ትገባለህ ብሎ አባቴ ቃል ገብቶልኛል።

አባቴ ሰይድ ከአካባቢው ሰው ሁሉ ቀድሞ አልፋልፋ ዘርቶ ነበር። ዘሩን የሰጠው የግብርና ሠራተኛው ነው። የጎሊና ወንዝ ውሃ በቦይ በሚደርስበት ጥግ ላይ ዘራው። ሰዉ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ስለማያውቅ፣ ሰይድ ለበሬው ጎመን ዘራ እያለ ይስቅበት ነበር። ጎመኑ አማረ። ከዚያ ትሉ ገባበት፤ ቅጠሉ ወንፊት ሆነ፤ ማሳውን ከሩቅ ስታየው አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር።

የግብርና ሠራተኛው መጥቶ እንደ እኔ ቀንበጡን ፈልቅቆ አሳየው። ምንም መርጨት አያስፈልግም፣ አበባ ሳይዝ አሁኑኑ ከሥሩ እጨደውና ከማሳው አውጣው፣ ትሉ መብልም ጥላም አጥቶ በፀሐይ ያልቃል አለው። የታጨደውን ደግሞ አጠውልገህ ከጭድ ጋር ቀላቅለህ ስጥ፣ እርጥቡን ባዶ ሆድ ላለው ከብት እንዳትሰጥ ብሎ አስጠነቀቀው። አጠገባቸው ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አባቴ የያዘው ግማሹን ብቻ ነው። መታጨድ ካለበት አፍ ያለው በሬ እያለልኝ እኔን ምን አጎነበሰኝ አለ። እውነቱን ለመናገር በጭንቅ ላይ ነበር። የበልጉ ዝናብ ደርሷል፣ የአገዳው ክምር አልቋል፣ የቡሬ ጎድን አጥንት ከሩቅ ይቆጠራል። ቡሬ ያለን አንድ በሬ ነው። ጥንዱ የጎረቤታችን የአያ ሞላ በሬ ነው፤ ሁለቱን አቀናጅተን በየተራ የእኛንም የእነሱንም መሬት እናርስ ነበር። ቡሬ ከሌለ ሁለት ቤት ሳያርስ ይከርማል።

ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አባቴ በሬውን አልፋልፋው ውስጥ አስገባው። ሲነጨው ጨርቅ የሚቀደድ ይመስል ነበር። ድንበሩ ላይ ተቀምጠን አየነው። አባቴ ሳቀ፤ ትሉንም ሣሩንም አብሮ ይዋጥልኝ አለ። ያ የለምለም ጠረን፣ የረገፈው ጤዛ፣ የአባቴ ሳቅ፣ ያች ሰዓት እዚያው ላይ ብትቆም ምን ነበረበት እላለሁ።

ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ቡሬ መብላቱን አቆመ። ግራ ጎኑ ተነፋ። ስናየው ስናየው ከጀርባ አጥንቱ በላይ ወጣ። አባቴ በእጁ ሲመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። በሬው እግሩን አንፈራጦ ቆመ፤ ምላሱ ወጣ፣ ለሐጩ ተዝረበረበ፣ ዐይኑ ፈጠጠ። አባቴ እየገፋ አስሮጠው። ዘይት በጠርሙስ ጉሮሮው ውስጥ አንቆረቆረለት። ቡሬ ተንበረከከ፤ ከዚያ በቀኝ ጎኑ ወደቀ።

እንዲህ ሲሆን በእኛ አገር ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ሳይበክት ይታረዳል። ነፍሱ ሳትወጣ ቢላ ካረፈበት ለሰው ምግብ ነው፤ ከወጣች ለጅብ ነው። ስለዚህ ወንዱ ሁሉ ቢላውን ይዞ መጣ። የቡሬን አንገት ወደ ቂብላ አዞሩት። እኔን ጅራቱን ያዝ አሉኝ። አንዱ ድንጋይ ላይ ቢላ ይስላል፤ ሌሎቹ ማን ስንት መደብ ሥጋ እንደሚወስድ ይነጋገራሉ። አያ ሞላ ክርስቲያን ስለሆነ የእኛን እርድ አይበላም። ራሱን ይዞ ቆሞ፣ «የእኔስ በሬ ከማን ጋር ሊጠመድ ነው? ሥጋውም አይደርሰኝ፤ በሉ ሽታውን እንኳ ወደኔ ቤት አድርጉት» አለ። ሳቁ። ቡሬ እያቃሰተ፣ የሁለት ቤት እርሻ መሬት ላይ ተዘርሮ፣ ሳቁ።

እናቴ ዘሃራ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። እሷ የምሥራቁ ቆላ ልጅ ናት፤ ከአፋር ጠረፍ፣ አባቷ ከብት አርቢ። ሰዉን በክርኗ ገፍታ ገባችና የበሬውን ጎን ዳበሰችው፤ አባቴንም በእኔ ስም ጠራችው።

«የእንድሪስ አባት፣ ንፋስ ነው የያዘው። ከጎኑ ክፈትለት፤ አባቴ ሲያደርጉ አይቻለሁ።»

«ግቢ ወደ ቤት።»

«ልታርደው አይደል? እምቢ ካለ ያኔ ታርደዋለህ።»

«አንቺ ሴት፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

እዚህ ላይ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ሴት ዶሮ እንኳ አታርድም። ወንድ ከቤት ከሌለ ዶሮዋን ታቅፋ መንገድ ላይ ትቆማለች፤ ያለፈ ወንድ ያርድላታል። እናቴ ከሚስለው ሰው እጅ ቢላውን ስትመነትፍ አባቴን ልትወጋው መስሎኝ ነበር። ሰዉም የመሰለው እሱ ነው፤ ወደኋላ ሸሸ። እሷ ግን በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ኋላ፣ እላይ በተነፋው ግራ ሽንጡ ላይ ቢላውን እስከ እጀታው ሰካችው።

የአይሱዙ ጎማ የተነፈሰ መሰለኝ። አረንጓዴ አረፋ ዘልሎ ፊቴን መታኝ፣ አፌ ውስጥ ገባ። የገማ፣ የሞቀ፣ ሣር ሣር የሚል ነገር። ጅራቱን ለቅቄ ጮኽኩ። እናቴ በሬያችንን ገደለችው ብዬ ነው የጮኽኩት። እሷ ቀና ብላም አላየችኝ። ቢላውን ጠምዘዝ አድርጋ ይዛ፣ ለካ በሻሽዋ ጫፍ ቋጥራ የመጣችውን የመቃ ቁራጭ ቀዳዳው ውስጥ ሻጠችውና በእጇ ደግፋ ተቀመጠች። ደምና አረፋው ክርኗ ድረስ ወረደ። ያ ከበሮ ቀስ በቀስ ረገበ። ቡሬ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰ። ቀትር ሳይሆን በራሱ እግር ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ከቢላው የበለጠ ያስደነገጠኝ። ማንም ደስ አላለውም። ቢላቸውን ወደ አፎቱ እየመለሱ፣ ማዕድ እንደተነሣበት ሰው እየተነጫነጩ ሄዱ። አንዱ ዞር ብሎ አባቴን «ሰይድ፣ ከእንግዲህ ዶሮ ሲኖረን ወደ አንተ ቤት እንልካለን፤ አራጅ አለህ» አለው። አባቴ መሬት መሬት አየ። እናቴ ያን ጊዜ እጇን በአፈር ታሽ ነበር።

ቀልዱ መንደሩን ዞረ። መስጊድ በር ላይ፣ ቆቦ ገበያ፣ ደቦ ላይ፣ አባቴ የሄደበት ሁሉ ቀድሞት ይደርሳል። የቡሬ ቁስል ዳነ። እናቴ ጠዋትና ማታ ቅቤ እየቀባች፣ ዝንብ እያባረረች አዳነችው። አልፋልፋውን ራሷ አጭዳ፣ አጠውልጋ እየሰጠችው ጎኑ ሞላ። መሬቱ እንደራሰ አያ ሞላ በሬውን እየነዳ፣ ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። አባቴ ቡሬ አልጠነከረም አለው። በሌላ ቀንም መጣ፤ አሁንም አልጠነከረም። አያ ሞላ የበሬውን ጀርባ መታ መታ አድርጎ፣ «እንኳን ቀንበር አንተን ይሸከማል» ብሎት ሄደ።

በገበያው ቀን አባቴ ቡሬን ወደ ቆቦ ነዳው። ሲመለስ የያዘው ገመዱን ብቻ ነው። በሬው ደጁ ላይ እስከታየ ቀልዱ አይሞትም ብሎ ለሥጋ ነጋዴ ነው የሸጠው። እናቴ በር ላይ ቆማ ገመዱን አየች። ከእጁ ተቀብላ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ማሽላውን በልመና በሬ ዘግይተን ዘራነው፤ ዝናቡ ቀድሞን ቆመ፤ አያ ሞላም መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል እንዲያርሰው ሰጠ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ጎብዬ ወዳለ ዘመድ ቤት ለእርሻ ሥራ ተላክሁ። ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ወልጄ ነው፤ ከልጄ እኩል እየተንተባተብኩ። አባቴን አላህ ይማረው። እኔ ግን ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልጽፍም።

ዛሬ ሜዳው በአልፋልፋ ተሞልቷል። ጎመን ብሎ የሚስቅ የለም፤ እስሩን ለከተማ ላም አርቢ እንሸጣለን። ትሉ ሲመጣ አንዳንዱ መድኃኒት ይረጫል፤ እኔ ቀድሜ አጭዳለሁ። ለከብቶቼም አጠውልጌ ነው የምሰጥ። በቀደም የጎረቤቴ በሬ ገመዱን በጥሶ እርጥቡን ሲበላ ተገኘና ተነፋ። ስልክ ተደወለ፤ ከቆቦ የከብት ሐኪሟ በባጃጅ መጣች፤ ልጅ እግር ናት፣ ሱሪ የለበሰች። «አብሽሩ፣ ንፋስ ነው» አለችና ግራ ሽንጡ ላይ የብረት ቧንቧ ሰካችለት። ወንዶቹ ቀንዱን ይዘውላታል። ሲተነፍስ እጅሽ ይባረክ እያሉ መረቋት። እጇን እንድትታጠብ ውኃ ያፈሰሰላት ባለቤቱ ራሱ ነው። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ፈዝዤ ቆምኩ። ይኼን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። አሁን ዐይኗ ደክሟል፤ ከመደብ ብዙ አትነሣም። ስለ ልጅቷ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ምርቃቱ ሁሉንም አወራኋት። ስለ ልጅቷ ምንም አልጠየቀችኝም።

«ባለቤቱ ይጠምደዋል?» አለችኝ።

ቁስሉ ሲድን ይጠምደዋል አልኳት። ቆይታ ያንኑ ጠየቀችኝ፤ እኔም ያንኑ መለስኩላት።