ከጎረቤቴ ሳህን የተሰረቀ ሩዝ

ልጄ ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ሐኪሙ «ከእንግዲህ መድኃኒቷ ምግብና እንቅልፍ ነው። በሰዓቱ ትብላ፣ በሰዓቱ ትተኛ» ብሎ አሰናበተን። ለእሱ ምን አለበት! ወረቀቱን ፈርሞ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ። እኔ ግን በትኩሳትና በተቅማጥ ስምንት ቀን ተሰቃይታ ላባ ያከለችውን የአንድ ዓመት ከአሥር ወር ልጅ ታቅፌ፣ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው ቤቴ ስመለስ፣ የትኛው ምግብ፣ የትኛው እንቅልፍ እያልኩ ነበር። አንድ ማንኪያ ውኃ እንኳ ለምኜ ነበር የምትውጥልኝ።

ከመታመሟ በፊት እንዲህ አልነበረችም። ጠዋት አጥሚቷን ትጠጣለች፣ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳዋን ትበላለች፣ ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ገብቶ ከተማው ሁሉ ጸጥ ሲል እሷም ጸጥ ትላለች። ጡት ካስጣልኳት ሁለት ወር አልፎን ነበር። እኔ ፈረንጆች ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ገብቼ ሰባት ሰዓት እወጣለሁ። እስክመለስ የሚያዩልኝ የግቢያችን ባለቤት፣ አንዲት ሶማሌ ባልቴት ናቸው። የሰፈሩ ልጆች «አየዮ» ይሏቸዋል፤ በሶማልኛ አያቴ እንደማለት ነው። እኔም እንደ ልጆቹ አየዮ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ጨርቅ ሲነግዱ ስለኖሩ አማርኛ ይችላሉ፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይሉታል እንጂ።

ባለቤቴ ከጅቡቲ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ያኔ ሞባይል በየሰው እጅ አልገባም፤ ጥግ ላይ ያለው ስልክ ቤት ደውሎ አስጠራኝ።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጭን እመጣለሁ» አለኝ። «እስከዚያ ካላገገመች ናዝሬት እናቴ ጋ እወስዳታለሁ። ማዳምሽም የሰጠችሽ ሁለት ሳምንት ነው። ሥራውን ካጣሽ በምን እንኖራለን?»

ክፋት ኖሮበት አይደለም። ግን እናቱ ጋ የሄደ ልጅ ሲመለስ አላየሁም። የእህቱ ልጅ «ለሦስት ወር» ተብሎ ሄዶ እዚያው ትምህርት ቤት ገብቷል፤ አሁን እናቱን ሲያይ ከአያቱ ቀሚስ ኋላ ይደበቃል። ልጄን ከሞት አፍ አውጥቼ ለናዝሬት ልሰጥ? ኧረ ወዲያ!

እናም ጦርነት ጀመርኩ። የማላበስለው አልነበረም። ገንፎ፣ ሾርባ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ እንቁላል። በዚያ በሐምሌ ሙቀት፣ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋውን በቆርቆሮው ቀዳዳ እየነፋ ሲያስገባ፣ ትንሽ ትንሽ ጉርሻ ጠቅልዬ ግቢውን አዞራታለሁ። «አንድ ለእማዬ! አንድ ለአባዬ! ይቺን ብቻ፣ ልሙትልሽ!» ጥርሷን ትነክሳለች። በግድ አፏ ውስጥ ከገባልኝም ጉንጯ ውስጥ ታቆየውና ዘወር ስል ትተፋዋለች። እኛ አገር ልጅ የሚወደደው በጉርሻ አይደል? እምቢ ባለችኝ ቁጥር ጉርሻውን አሳነስኩ፣ ልመናውን አበዛሁ።

እንቅልፉማ አይነሳ። ካላዘልኳት አይኗን አትከድንም። አዝያት ስዞር እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ላወርዳት ጎንበስ ስል ትነቃለች። የእሷ ደረትና የእኔ ጀርባ በሙቀት ሽፍታ እኩል ቀላ። ለራሴ ምሳ የሚባል ነገር ረስቼ በሻይ ነበር የምውለው። አየዮ አንድ ቀን ቀሚሴን ከወገቤ ላይ ቆንጠጥ አድርገው ሳቡና «አንተም ከሳህ» አሉኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ።

በስድስተኛው ቀን ልብስ አስጥቼ ስመለስ ምን ባይ ጥሩ ነው! ልጄ አየዮ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ ዳቦ በወተት ሻይ እየተነከረ ትጎርሳለች። ያ ሻይ ሻይ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ ስኳር ነው። ደሜ ፈላ።

«ለዚህ ነዋ ምሳ እምቢ የምትለኝ! አንቺ ነሽ ልጄን የምታጠፊብኝ!» አልኳቸው።

አንቺ አልኳቸው። እናቴን የሚያክሉ ሴት፣ ስሠራ ልጄን የሚያቅፉልኝ፣ ሆስፒታል በር ላይ ሦስት ቀን ምንጣፍ አንጥፈው ያደሩልኝ ሴት። አፌን ቁርጥ ያርገው። አየዮ አልጮኹም። ልጅቱን ቀስ ብለው አውርደው አቆሟትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ወላሂ ሻይ ሰጥቻለሁ፣ እውነት ነው። አንተስ? አንተ ቀኑን ሙሉ ምን ትሰጣታለህ?» ብለው በአገጫቸው ደረቴን አመለከቱ። ቀሚሴ በሁለት በኩል ረጥቦ ነበር።

ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ይሄ ነው። ሆስፒታል በገባን በሦስተኛው ቀን ውኃ እንኳ አልወርድ ሲላት፣ የደረቀ ጡቴን አውጥቼ አጎረስኳት። መሳብ ጀመረች። ወተቱም ቀስ እያለ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ምሳ እምቢ ስትል ጡት፣ ስትነጫነጭ ጡት፣ ዝም ስትል ደግሞ ዝምታዋ አስፈርቶኝ ጡት። እንቅልፍ ወስዷት እንኳ ትንፋሿ ቀጠን ሲልብኝ ቀስቅሼ አጠባት ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ካላየሁ አልረጋጋም። እስቲ ይሄ ልጅ ማስታመም ነው? ራሴን ማስታመሜ ነበር።

ግን ይህን ያኔ አላመንኩም። ጥፋተኛ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይብሳል እንደሚባለው፣ በሬን ዘግቼ አኮረፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከአየዮ ጋር አልተነጋገርንም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ እኔ ስወጣ እሳቸው ይገባሉ። ልጅቱ መሃል ላይ ቆማ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀኑን ስቆጥር ስድስት ቀርቶኛል፤ ልጄም በማንኪያ የበላችው ነገር የለም። አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቼ አንገቴን ደፍቼ በራቸው ላይ ቆምኩ።

«አየዮ፣ ይቅር ይበሉኝ። አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም።»

«አፍህን አውቀዋለሁ» አሉ። ስኳሩን ሲያዩ ግን ሳቅ አመለጣቸው። «ሻይ ክፉ ነው ትላለህ፣ ስኳር ታመጣለህ!»

ተያይተን ሳቅን። እኔማ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሊዞርብኝ ነበር። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። ከእሳቸው ሻይ የለም፤ ከእኔ ጡት የለም፤ በምሳ ሰዓትም ከግቢ እወጣለሁ።

ወጣሁ። የት ልሄድ? ከቆርቆሮው አጥር ውጭ፣ ሚስማር የወለቀበት ቀዳዳ ላይ ዐይኔን ተክዬ ቆምኩ። አየዮ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ሰፊ ሳህን ሩዝና ዓሣ ፊታቸው አደረጉ፤ ከዚያም ልጄን ሳያዩ መብላት ጀመሩ። አንድ ጊዜ ብቻ «ኡን» አሏት፤ ብላ ማለት ነው በሶማልኛ። አልደገሙትም። ጉርሻ የለ፣ ልመና የለ። ልጄ መሬት ላይ ተንከባልላ አለቀሰች። እኔ አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። እሳቸው ዓሣቸውን እሾሁን እየለቀሙ በሉ! እንዲህም ጨካኝ አለ እንዴ ብዬ ተራገምኩ።

በማግስቱም እንደዚያው፤ ልቅሶው ብቻ አጠር አለ። በሦስተኛው ቀን ልጄ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ተጠጋች። ወዲያ እያየች፣ በሁለት ጣቷ፣ ከሳህኑ ጠርዝ ሩዝ ሰረቀች። አየዮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደግማ ሰረቀች። ከዚያ በሙሉ እጇ። እልል እንዳልል አፌን በሻሼ ያዝኩ፤ በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች አብዳለች ሳይሉኝ አልቀሩም።

እንቅልፉም በዚያው መንገድ መጣ። ምሳው ሲያልቅ አየዮ በሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሰቅለው፣ ምንጣፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ይጋደማሉ። «ሆበያ፣ ሆበያ» የሚለውን እሹሩሩ ሁለት ጊዜ ያንጎራጉሩና በሦስተኛው ራሳቸው ያንኮራፋሉ። የማስተኛት አስመስለው አይደለም፣ የምር። ልጄ የሚያባብላት ስታጣ እሳቸው ጎን ተጋደመች።

ሥራ የተመለስኩበት ቀን መጣ። ሽንኩርት ስከትፍ ሐሳቤ እዚያ ነበር፤ ጡቴ ድንጋይ ሆኖ ያመኛል። ሰባት ሰዓት ሲሆን እየሮጥኩ ሰፈር ደረስኩ። ባለቤቴ ግቢው በር ላይ ቆሟል። ከመኪናው የወረደው ገና አሁን ነው፤ ብብቱ ሥር ለናዝሬቱ መንገድ የገዛላት አዲስ ትንሽ ትራስ አለ። ዐይኑን የተከለው እኔ ሳይበት በነበረው የአጥሩ ቀዳዳ ላይ ነው። በጣቱ ዝም በይ አለኝ። ከዚያ ከቀዳዳው ዞር አለና፣

«ናዝሬት እንኳ በዚህ ወቅት ሙቀቱ ለሕፃን አይሆንም» አለ።

ጅቡቲ ቆሞ! በሐምሌ! ትራሱን ከብብቱ መንጭቄ መታሁትና ገባሁ።

ልጄ ከአየዮ ፊት ተቀምጣ እየበላች ነበር። አገጯ ሁሉ ሩዝ ነው። አየችኝ። አሁን ተነሥታ ትሮጣለች፣ ደረቴን ትፈልጋለች ብዬ ተንበረከክኩ፤ እውነቱን ልናገርና፣ እንድትፈልገኝ ፈልጌ ነበር። አልተነሣችም። ወደ ሳህኑ ዞረች። ያን ሁሉ ቀን ጉርሻ ይዤ ያሳደድኳት እኔ ነበርኩ፤ አሁን እሷ በትንሿ እጇ ሩዙን ጨመቀች፣ ዓሣም ጨመረችበት፣ ግማሹ በጣቶቿ መሃል እየፈሰሰ ተነሥታ መጣችና ወደ አፌ ዘረጋችው።

«ኡን» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ቀድሞ ወረደና መዋጥ አቃተኝ። ልጄ አጠገቤ ቆማ፣ እስክውጥ ድረስ አፌን እያየች ጠበቀችኝ።