በጉና ምንጭ ውስጥ ያነሣሁት አልቅት

ማክሰኞ

ከደብረ ታቦር የወጣነው ጠዋት በጭጋግ ነው። ሦስት ሰዎችና አራት በቅሎዎች ነበርን። ፊት ፊት የሚሄደው ጣሊያናዊው ሐኪም ነው፤ ከኋላ በቅሎዎቹን የሚነዱት የፋርጣው ሰው አያ ድረስ ናቸው። እኔ መካከል ሆኜ የመስተዋት ዕቃ የተጫነባትን በቅሎ እስባለሁ። የሐኪሙ አስተርጓሚ ነኝ፤ ጣሊያንኛውን የሐሙሲት መንገድ ሲሠራ ድንጋይ እየፈለጥኩ ለቃቀምኩት፤ ፎቶ ማንሣቱን ደግሞ ሐኪሙ ራሱ አስተማረኝ። በጠላት እንጀራ ማደሬን አላስተባብልም። ልጆች ነበሩኝ።

የጉዟችን ምክንያት በጉና ተዳፋት ላይ ያለ አንድ ምንጭ ነው። የጦር ሰፈሩ ሹም አርበኞች ከዚያ ይጠጣሉ ብሎ ይጠረጥራል። መንደሩን አንሥቶ መኪና መንገድ ዳር ሊያሰፍረው ፈልጓል፤ ሰበቡ ግን የጤና ጉዳይ እንዲመስልለት ይሻል። ስለዚህ ሐኪሙን «ከሚጠጡት ውኃ ውስጥ ተባይ ካለ በፎቶ አሳየኝ፤ ምንጩን በኖራና በድንጋይ እደፍነዋለሁ» አለው። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። እሱ የሚወደው ዓይን የማይሞሉ የውኃ ፍጥረታትን ማንሣት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር አያሳስበውም። እኔ ግን ያ ሁሉ ቤተሰብ ወዴት ይወድቃል እያልኩ፣ ምንም እንዳናገኝ ስለት ተሳልኩ።

ዳገቱ አያልቅም። በመንገድ ሁለት የተቃጠሉ ጎጆዎች አየን፤ ግድግዳቸው ጠቁሮ ቆሟል። ማን እንዳቃጠላቸው ሐኪሙ አልጠየቀም፣ እኛም አልነገርነውም። ቀትር ላይ ከአንዲት ሴትዮ የተቀቀለ ድንች ልንገዛ ሊሬ ሰጠናት። ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ «ይኼን ወረቀት ምን ላድርገው? እሳት እንኳ አያቆይ» አለችና መለሰችው። አያ ድረስ ከስልቻቸው ጨው ሰብረው ሰጧት፤ ድንቹን በላን።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ደረስን። የተቀበሉን የመንደሩ ቄስ፣ ቄስ ሞላ ናቸው። ምንጩን ራሳቸው አሳዩን። ላይኛው በድንጋይ ታጥሯል፤ ለቤተ ክርስቲያንና ለሰው መጠጥ የሚቀዳው ከዚያ ነው። ከታች ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አለ።

«ልጄ፣ ይህ ሳጥን ምን ሊያደርግ ነው የመጣ?» አሉኝ፣ ከበቅሎዋ ላይ ያወረድነውን የካሜራ ሳጥን እያዩ።

«በውኃ ውስጥ ያለ ጥቃቅን ነገር ያሳያል፣ አባ።»

«ከላይኛው ምን ሊታይ? እዚያ እንኳን ከብት፣ ጫማ ያደረገ ሰው አይገባበት። አልቅት ያለ ከታች ነው። ይህን እኛም እናውቃለን፣ ከብቶቹም ያውቃሉ።» ቀጥለውም፣ «ሳጥኑ ምንም ካላገኘ ሹሙ ይተወን ይሆን?» አሉ።

«ይተዋችኋል» አልኳቸው።

ረቡዕ

ቀኑን በከብቶቹ ኩሬ እጃችንን ስናፍታታ ዋልን። ሳጥኑ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ አፉ ክፍት፣ ግንባሩ መስተዋት። ካሜራው ውስጡ ይቀመጣል፤ ሳጥኑ እስከ ወገቡ ይሰምጣል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ከላይ አያለሁ። ለትንሽ ነገር የካሜራውን መነጽር ማሽከርከር ከንቱ ነው። መነጽሩ አንዴ ይታሰራል፤ ከዚያ የሚንቀሳቀሰው ሳጥኑ ነው፣ የጤፍ ፍሬ ያህል ወደ ፊት፣ የጤፍ ፍሬ ያህል ወደ ኋላ። ጠርቶ የሚታየው ስፍራ ከወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያ ወዲህና ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። «የፍጥረቱ ዓይን ካልጠራ ምንም አልጠራም» ይላል ሐኪሙ።

አያ ድረስ የፀሐይ ብርሃን ወደ ውኃው የሚመልስ መስተዋት ይዘው ቆመዋል። «አባቴ ለጌታው ጋሻ ይይዝ ነበር፤ እኔ ለአልቅት መብራት ያዥ ልሁን?» ብለው አሳቁኝ። በዚያ ጉዞ የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ውርጭ ጥሎ ነበር። ኩሬው ውስጥ ያደረውን ሳጥን አወጣሁት፤ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ስለነበር ሳልወለውለው ወደ ላይኛው ምንጭ አስገባሁት። እስከ ቀትር ጥሩ ውኃ ብቻ አየን። ሐኪሙ ተሰላቸ፤ እኔ በሆዴ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ቀትር ላይ ከመስተዋቱ ፊት አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። አልቅት ነው፤ ገና መፈልፈሉ ሳይሆን አይቀርም፣ ከክር የቀጠነ፣ አንዲት ቀጭን ጭረት መሳይ ነገር ላይ ተጣብቆ ይወዛወዛል። «ምንም የለም» ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? ነገር ግን ትንፋሼን ያዝኩ። ሳጥኑን ገፋሁ፣ መለስኩ፣ እንደገና ገፋሁ። ዓይኖቹ፣ እነዚያ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች፣ አንድ በአንድ እየጠሩ መጡ። የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ። ስለቴንም፣ ቄስ ሞላንም ረሳሁ። ደስ አለኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ቅዳሜ

ሐኪሙ ፎቶውን አጥቦ ወረቀት ላይ አወጣው። አልቅቱ ጣት አክሎ ይታያል። ሹሙ ከወታደሮቹ ጋር መጣ፤ መንደሩ ተሰበሰበ። «አሳያቸውና ንገራቸው» ብሎ አዘዘኝ። ነገርኩ። ቄስ ሞላ ፎቶውን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አዞሩና ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺ የተጣበቀባት የላም ጭራ ፀጉር ናት፣ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «እዚህ ላም ገብታ አታውቅም። ፀጉሩም አልቅቱም ከታች ከኩሬው በሳጥናችሁ ተሸክማችሁ ያመጣችሁት ነው። ይህን ለሹሙ ንገርልኝ።»

ተቀብዬ አየሁት። የላም ፀጉር ነው። ያነሣሁት ራሴ ነኝ፣ ግን ዓይኔ ከአልቅቱ ዓይን በቀር ሌላ አላየም ነበር። ያልተወለወለው ሳጥን ትዝ አለኝ።

«ምን አለ?» አለ ሹሙ።

ለአርበኞች አደላ ተብሎ አንድ አስተርጓሚ የደረሰበትን ደብረ ታቦር ገበያ ላይ አይቻለሁ።

«ገባቸው» አልኩት በሁለት የጣሊያንኛ ቃል።

ወታደሮቹ ኖራውን ደፉ፣ ድንጋዩን ከመሩበት። ነጭ ውኃ ጥቂት ፈሰሰና ቆመ። ሴቶቹ ባዶ እንስራቸውን አዝለው ቆመው ያዩ ነበር፤ አንዷም አላለቀሰች። ልንሄድ ስንል ቄስ ሞላ ወደ እኔ መጥተው እጄን ያዙኝ። «ሹሙ ባይሰማንም ነግረህልናል። እግዜር ይስጥልን፣ ልጄ» አሉኝ።

እሑድ

ቁልቁለቱን ወረድነው። ደብረ ታቦር ስንገባ ሐኪሙ ወደ ጦር ሰፈሩ ታጠፈ፤ አያ ድረስ ጓዜን ደጄ ላይ አራገፉልኝ።

«ይግቡ እንጂ፣ ጠላ ይቅመሱ» አልኳቸው።

«አልገባም» አሉ፣ ጭነት ማሰሪያውን እየጠቀለሉ። «ቄሱ የተናገሩት ረጅም ነበር። አንተ ለሹሙ የመለስከው ሁለት ቃል ነው። ጣሊያንኛ አላውቅም፤ መቁጠር ግን አውቃለሁ።»

በቅሎዎቹን እየነዱ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር አልተጓዙም።

ከዚህ መንገድ ምን ተማርክ የሚለኝ ቢኖር የምመልሰው ይህን ነው። ሳጥኑን አለመወልወሌ ስሕተት ነው፤ ስሕተት በማንም ይደርሳል። የቄስ ሞላን ቃል መዋጤ ግን ስሕተት አልነበረም፤ አውቄ ያደረግኩት ነው።