ቢላዋው ይለብለብ

ገነቴ ዶዮገና ዳር ጎጆ ከወጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሏ ጠና እንሰት ይተክላል፤ የሚቆርጠውና የሚፍቀው የሷ እጅ ነው። በአገሩ ደንብ እንሰት ከሚፋቅበት ወንድ ዝር አይልም። ስለዚህ በ1960 ዓ.ም. በሽታው መንደር ሲገባ ቀድመው ያወቁት ሴቶቹ ናቸው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፤ ሲቆርጡት መግል የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ቆጮ የለም፤ አምስት ዓመት የተጠበቀ ቀለብ በስብሶ ይቀራል።

ያን ሰሞን ገነቴ አራስ ነበረች። ደቦ አልወጣችም፤ ቢላዋም አልተዋሰች፣ አላዋሰችም። ደቦ ወጥተው ቢላዋ የተዋዋሱት ሁሉ ጓሯቸው ታመመ። የሷ አርባ እንሰት ግን አንዱም ሳይገረጣ ቆመ። ሦስት ልጆቿ በልተው የሚያድሩት በዚያ ነው።

«በሽታው በቢላዋ ነው የሚዞረው» አለች። ማን ሰምቷት!

አንድ ቀን አቶ ኃይለመለኮት የሚባሉ የሰብል በሽታ አጥኚ ከአዲስ አበባ መጡ። የጎረቤቷን የውቢትን የታመመ እንሰት ቆረጡ፣ ናሙና ወሰዱ፤ ፈሳሹ ያልደረቀበትን ቢላዋ እንደያዙ ወደ ገነቴ ጓሮ ገቡ። ለማነጻጸር ጤነኛ እንሰት ፈልገው ኖሯል።

«ጌታዬ፣ ቢላዋዎን ይለብልቡልኝ። እሳቱ ይኸው።»

ሰውየው አብሯቸው ወደቆመው ወደ ባሏ ዞረው ሳቁ። «ጠና፣ ሚስትህ ዶክተር ናት እንዴ?»

ጠና ተቅለሰለሰ። «ሴት አይደለች ጌታዬ፣ ይለፏት።»

«ሴት ስለሆንኩማ ነው የማውቀው! አንተ ቆጮ ከመብላት በቀር ምን ታውቃለህ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ዞር በይ!» አሉ አቶ ኃይለመለኮት።

ገነቴ ሕፃን ልጇን እንዳዘለች እንሰቱ ፊት ቆመች። «ካልለበለቡት መጀመሪያ እኔን ይቁረጡኝ።»

ቢላዋውን እሳት ማስነካት የስንት ደቂቃ ሥራ ነው? አላደረጉትም። «ባለቤቲቱ አትተባበርም» ብለው ጻፉና እንደ ገነቴ ደቦ ወዳልወጡት ጎረቤት፣ ወደ እትዬ አሚና ጓሮ ተሻገሩ። እትዬ አሚና እንግዳ መመለስ አፈሩ። በዚያው ቢላዋ ሦስት ጤነኛ እንሰት ተቆረጠ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጓሮው መገርጣት ጀመረ።

በሁለተኛው ዓመት ከእርሻ መሥሪያ ቤት ወረቀት መጣ። አባወራዎች ብቻ ተጠርተው ተነበበላቸው። ማታ ጠና ለገነቴ ነገራት።

«በሽታው በቢላዋ ነው የሚተላለፈው አሉ። በእሳት ይለብለብ አሉ።»

«ማን አገኘው አሉ?»

«በጥናት ተደረሰበት ነው የሚለው።»

«የእትዬ አሚና ጓሮስ ወረቀቱ ላይ ተጠቅሷል?»

«አልተጠቀሰም።»

«ለመሆኑ ከናንተ ውስጥ የእንሰት ቢላዋ ጨብጦ የሚያውቅ ማን አለ? ለናንተ ምን ብለው አነበቡት?»



በማግስቱ ገበያ ነበር። ገነቴ ቆጮ ሻጮቹ መሀል ገብታ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ስሙኝ፣ እናንተ! ቢላዋ ስትዋሱም ስትመልሱም ለብልቡ። ወረቀቱ የተጻፈው ለባሎቻችሁ ነው፤ ለናንተ የምነግራችሁ እኔ ነኝ!»