ወፍጮ ቤት ያደገ ጆሮ

ከጋምቤላ በወጣሁበት ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል ባጃጁ በራችን ላይ ቆመ። ማታውን ተላቅሰናል፤ እኔ ግን የእናቴን የመጨረሻ ምርቃት ፈልጌ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ግቢውን ትጠርጋለች።

«እማዬ፣ መሄዴ ነው!» አልኳት። ዞር አላለችም። ደግሜ ጠራኋት፤ ዝም።

ወንድሜ ከድር ሻንጣዬን እየጫነ፣ «ተያት፣ ሆዷ እንዳይባባ ነው» አለኝ። እስከ አዲስ አበባ ስነፋረቅ ሄድኩ።

ለማታውቁን፣ የእህል ወፍጮ አለን። የአኝዋኩም የኑዌሩም የደገኛውም በቆሎ እኛ ዘንድ ይፈጫል። ሞተሩ ከተነሳ ቋንቋ አያስፈልግም፤ ጣት ማፍተልተል «ይላም» ማለት ነው። የቀረው ጩኸት ነው። እኛ ቤት ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው የታመመ ይመስለናል።

ካናዳ፣ ኤድመንተን የሚባል ከተማ፣ ቤዝመንት፣ ከሰው ቤት ሥር ያለ ክፍል፣ ተከራየሁ። ብርዱን አልነግራችሁም፤ የጋምቤላን ሙቀት የረገምኩበት ምላሴ ይቆረጥ! በሳምንቱ አከራዬ ከላይ ወርዶ በሬን አንኳኳ።

«ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

«ከእናቴ ጋር እያወራሁ ነው።»

«ታዲያ ስልክ ምን ያደርግልሻል? መስኮቱን ክፈቺው፣ ትሰማሻለች።»

በኋላ ሥጋ ፋብሪካ ሥራ ሳገኝ፣ ማሽኑ ስለሚጮህ መጀመሪያ ጆሮሽ ይመርመር ተባልኩ። ጠባብ ክፍል አስገብተው ማዳመጫ አደረጉልኝ። ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነው። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ነርሷ በሩን ከፍታ፣ «ለምን አልተጫንሽም?» አለችኝ።

«መቼ ጀመራችሁና!»

አንገቷን ነቀነቀች። «ጩኸት ጎድቶሻል። አገርሽ ውስጥ መስማት የሚቸገር ሰው ብዙ ነው?»

«ኧረ የለም!» አልኳት ኮራ ብዬ።

አውቶብስ ላይ ግን አንድ በአንድ ይመጡብኝ ጀመር። የወፍጯችን ሞተረኛ። ጆሮው መግል እያዣ ዘይት ሲጨመርለት ያደገው የጎረቤታችን ልጅ። ከወባ ተነስታ «ጆሮዬ ይጮህብኛል» ስትል የከረመችው አክስቴ። ማን ቆጠራቸው? አንዱን «ኮራብን» እንላለን፣ አንዷን «አኮረፈች»፣ ተማሪውን «ሰነፍ»። አገር ሙሉ ሰው ሳይሰማ አንገቱን እየነቀነቀ ይኖራል፤ እኛ ደግሞ በሽታ ነው አንልም! ያኔ የእናቴ ጀርባ ትዝ አለኝ። እንባዬ መጣ።

እቤት እንደገባሁ ለከድር ደወልኩ። «እማዬን ሐኪም ዘንድ ውሰዳት፣ ጆሮዋን ያዩላት።»

«ምን ሆነችና? ስንጮህላት ትሰማለች።»

«ዕድሜ ልካችሁን ልትጮሁላት ነው?»

«ወፍጮ ቤት ነው እኮ፣ ሌላ ምን እናድርግ? ደግሞ እርጅና ነው።»

ደሜ ፈላ። «ስጣት ስልኩን!»

ሰጣት።

«እማዬ! ጆሮሽን ታከሚ!»

«አሚን፣ ልጄ።»

«ያን ቀን ስጠራሽ አልሰማሽኝም ነበር?»

«አሚን፣ አሚን።»

ከባሕር ማዶ የሚደውል ልጅ መቼም መልካም ነገር ነው የሚመኘው ብላ፣ ለሁሉም አሚን ትላለች። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ደግሜ ጠየቅኳት።

«አሚን። አላህ በሰላም ይመልስሽ» አለችኝ።

አከራዬ ከላይ ወለሉን ይደበድባል። እሱስ ሰምቶኛል።