የተርቦው ጌጅና የዳገቱ ለቅሶ

ባሌ ከመንግሥት ሾፌርነት ጡረታ ሲወጣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነው አንዲት አሮጌ የናፍታ መኪና ገዙ። ጋቢናዋ ሦስት ሰው ይይዛል፤ ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ተበይዶላት ሸራ ለብሳለች። ከሶዶ ወደ ዲምቱና ወደ ቢጠና ሰውና እህል ታመላልስ ነበር። ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ ብዙም አልቆየም፤ ሞባይልም ገና በየሰዉ ኪስ አልገባም ነበር።

እያደር መኪናዋ ዳገት ላይ ትደክም ጀመር። ወንድሜ ተርቦው ሞቷል አለ። ተርቦ በሞተሩ ጭስ ግፊት እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ ዕቃ ነው፤ እሱ ከሌለ መኪናዋ ጭነት ይዛ ያንን መንገድ አትወጣም። ወንድሜ ጨርሳ ሳትቆም እንሽጣት ባይ ነው። ባሌ ተርቦው ደህና ነው ይላል። ያለው ግን አውቆ ይሁን ፈልጎ አልለየሁም። ከወጣትነቱ ጀምሮ መሪ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ በወጣባቸው የመጀመሪያ ወራት፣ መኪናዋ ሳትገዛ፣ ጠዋት ጠዋት ለባብሶ በር ላይ ይቆምና ተመልሶ ይቀመጥ ነበር። ብትሸጥ ወደዚያ እንደሚመለስ እኔም እሱም እናውቃለን።

ክርክሩን ጌጅ፣ የአየር ግፊት መለኪያ፣ ይፍረደው ተባለ። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ የሚሠራ መካኒክ ከተርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደውን ወፍራም ቱቦ በሳና አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አገናኘበት፤ እሱን ወደ ጋቢናው አሾልኮ ከመሪው አጠገብ ካሰረው ክብ ጌጅ ጋር ገጠመው። ተርቦው አየር በገፋ ቁጥር የጌጁ መርፌ ትነሣለች።

«ጌጁ ራሱ ውሸታም ቢሆንስ?» አለ ወንድሜ።

መካኒኩ ቀጭኑን ቱቦ ነቅሎ ሰጠው። «ይንፉበት፣ ጋሼ።»

ወንድሜ ነፋ። መርፌዋ ፈቀቅ አለች። ባሌ ተቀብሎ ነፋ፤ የሱ በፀጉር ያህል በለጠ። ወንድሜ ኮቱን አውልቆ ለእኔ አስያዘኝና እንደገና ነፋ። ባሌም ኮፍያውን አስያዘኝ። ሁለት የተከበሩ ሰዎች ዓይናቸው እስኪፈጥ ተራ በተራ ሲነፉ፣ ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሾፌሮች ብርጭቋቸውን እንደያዙ መጡ።

«የትኛው ነው የሚሸጠው?» አለ አንዱ።

«ወፍራሙን ውሰድ፣ ዳገት ይችላል» አለው ሌላው።

መካኒኩ ቱቦውን ከአፋቸው ወስዶ ከጎማ መንፊያ ጋር አገናኘውና ከጎማ መለኪያው ጋር አስተያየው። ጌጁ ውሸታም አልነበረም። ከዚያ ሞተሩን እያስጓራ ወፍራሙን ቱቦ በሳሙና ውኃ ቀባው። አንዱ ማሰሪያ ጋ አረፋ ሲኩረፈረፍ አየን፤ አየር እያመለጠ ነው ብሎ አጠበቀው። መርፌዋ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ይኸው፣ ሞቷል» አለ ወንድሜ።

«የቆመች ባዶ መኪና ምን ትገፋለች?» አለ መካኒኩ። «ጭናችሁ ዳገት አውጧት። በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጁ እስከ ታች ተረግጦ፣ እግር ሳይነሣ። እግር ከተነሣ መርፌዋም ትወርዳለች።» በቀይ ቀለም መስታወቱ ላይ ምልክት አደረገ። «እዚህ ከደረሰች ተርቦው ደህና ነው። ካልደረሰች ሽጧት።»

ወንድሜም ባሌም በዚህ ተስማሙ። ሾፌር መንገድ እንጂ ጌጅ ማየት የለበትም፤ ስለዚህ ማን ያንብብ የሚለው ቀረ። ወንድሜ ባሌን፣ ባሌም ወንድሜን አላመነም።

«እህቴ ታንብብ» አለ ወንድሜ። «አሥራ ሁለተኛ ጨርሳለች።»

«ለመርፌም ማትሪክ ተጀመረ?» አለ ሻይ ጠጪው።

የቀረው ጭነት ነበር። ጊዜው ክረምት መግቢያ ነው፤ የአምናው በቆሎ አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ጉልበት አልደረሰም። ጎተራው ሁሉ ባዶ ነው። በማግስቱ ጠዋት የሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ነበረውና ባሌ ስብሰባው ሲያበቃ ተነሥቶ ቆመ።

«ጥቂት ሰዎች ብትተባበሩኝ። ምንም አትሠሩም፣ መኪናው ላይ ትቀመጣላችሁ።»

«ለምን ጉዳይ?» አለ ሰብሳቢው።

«ለክብደት።»

ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን፣ ሰውነቷ ደንዳና የሆነች ሴት፣ ነጠላዋን አጣፋች። «ክብደቴን በሰው ፊት የጠራ እስከ ዛሬ አልነበረም» አለችና ቀድማ ተሳፈረች። ሌሎቹም ተከተሏት። መኪናዋ ሞላች።

እኔ በጋቢናው መካከል ተቀመጥሁ፤ ወንድሜ በበሩ በኩል። ወደ ቢጠና በሚወስደው መንገድ ዳገቱ ሥር እስክንደርስ ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። ባሌ ሦስተኛ አስገብቶ ነዳጁን ረገጠ። መርፌዋ ተነሣች። ያን ጊዜ ከመንገዱ ዳር የምትኮተኩት አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችን።

ያየችውን እኔ ያሰብሁት በኋላ ነው። ገበያ በሌለበት ቀን፣ በጠዋት፣ ነጭ የለበሱ ጃንጥላ የያዙ የዕድር ሰዎች በአንድ መኪና ሞልተው ሲሄዱ አየች። ዶማዋን ጥላ እጇን ራሷ ላይ ጫነችና ጮኸች።

የሚያለቅስ ሰው አልፎ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ባሌ እግሩን አነሣ። መርፌዋ ወረደች። መኪናዋ ቆመች።

«ማን ነው?» አለች ሴትዮዋ እያነባች።

«ማንም አልሞተም» አለ ባሌ።

ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም። ሰው ለመርዶ ሲወሰድ በመንገድ ላይ የሚነገረው ይኸው ነው፤ ማንም አልሞተም፣ ደህና ነው፣ እንዲሁ ነው፣ ና እንሂድ። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ወደ መኪናዋ ተጠጋች።

«ወዴት ነው የምትሄዱት ታዲያ?»

«ወደ ላይ» አለች ቅቤ ነጋዴዋ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ለረጅም ጊዜ የታመሙ ሽማግሌ ይኖራሉ። ሴትዮዋ ስማቸውን ጠርታ አለቀሰች፤ ከታችኛው ማሳ ሌሎች ተቀበሏት። ትንሽ ወጣ እንዳልን ደግሞ ሌሎች ቆመው ጠበቁን። ባሌ ቆመ። «ማንም አልሞተም» አለ። አለቀሱ። ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። አንዳንዶቹ ተጠጋግተው ተሳፈሩ፣ የቀሩት በእግር ተከተሉ። በኋላ በኩል ከእኛው ጭነት ሁለት ሦስት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ።

«እናንተ ደግሞ ምን ሆናችሁ?» አለ ወንድሜ በጋቢናው የኋላ መስኮት።

«የሚያለቅስ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ ዝም እንበል እንዴ?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «መርፌዋ?»

«ዜሮ።»

«ያው ነው እንግዲህ። አትደርስም።»

«በየደጁ እየቆምሁ እንዴት ትድረስ?» አለ ባሌ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው። እጆቹ መሪው ላይ ነበሩ።

ጫፍ ስንደርስ ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጎደሬ በዳጣ ይበላሉ። መኪናውን፣ ጃንጥላውን፣ ከኋላ እያለቀሰ የሚመጣውን ሕዝብ አዩ። ሳህኑን አስቀመጡ።

«ማን ሞተ?»

ባሌ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። «ማንም አልሞተም፣ አባባ።»

«ልጄ ነው» አሉና ሽማግሌው ማልቀስ ጀመሩ። ሐዋሳ የሚሠራ ልጅ ነበራቸው። ያ ሁሉ ለእሳቸው ሊያለቅስ የመጣ ሰው፣ በሕይወት ሲያያቸው ግራ ገብቶት የቆመው፣ ልጁ ነው ሲባል ሐሳቡ ተቃናለትና አብሮ ለልጁ አለቀሰ።

ባሌ ሊያስረዳ ሞከረ። ወንድሜም ሞከረ። በመጨረሻ እኔ ወርጄ ክንዳቸውን ያዝሁና ወደ ጋቢናው ወስጄ ጌጁን አሳየኋቸው። ቀዩን ምልክት ነገርኋቸው። ባሌና ወንድሜ የተስማሙበትን፣ መርፌዋ ካልደረሰች መኪናዋ እንደምትሸጥ፣ ባሌም ቤት እንደሚቀመጥ ነገርኋቸው። እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ጌጁን ትኩር ብለው አዩት።

«ለዚች ነው ያስለቀሳችሁኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ደረሰች?»

«ባሌ የሚያለቅስ ሰው ባየ ቁጥር እየቆመ አልደረሰችም።»

ገብተው በበሩ በኩል ተቀመጡ። ወንድሜ ቦታ ስለተወሰደበት ወደ ኋላ ሄዶ ከቅቤ ነጋዴዋ ጎን ተጠጋ። «ውረድና እንደገና ውጣ» አሉ ሽማግሌው ለባሌ። «ዛሬ ለማንም አትቁም። ሟቹ እኔ ነኝ፣ ፈቅጄልሃለሁ።»

ወረድን። በመንገድ ገና የሚወጡ ለቀስተኞች ነበሩ፤ ሽማግሌው በመስኮት እጃቸውን ሲያወጡላቸው አንዳንዱ ወደ ማሳው ሸሸ። ታች ደርሰን ዞርን። ባሌ ሦስተኛ አስገባና ነዳጁን እስከ ታች ረገጠ። ሴቶች እጃቸውን አነሡ፣ ጮኹ፣ ሰዎች ከመንገዱ ዳር ለሰላምታ ጎንበስ አሉ። በባሌ አንገት ላይ ላብ ወጣ፤ እግሩን ግን አላነሣም። መርፌዋ ወጣች። ቀስ ብላ ወጣች። ከምልክቱ በታች ጥቂት ቆየች፣ ከዚያ ነካችው፣ ከዚያ አለፈችው።

ወንድሜ ከኋላ ሆኖ በመስኮቱ ጮኸ። «ደረሰች?»

«አለፈች» አልሁ።

«ደረሰች ወይስ አለፈች?»

«ቀዩን አልፋ ቆማለች።»

«እኔም አይቻለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ዓይኔ ደህና አያይም እንጂ አይቻለሁ።»

ወንድሜ በመስኮቱ ፊቴን ብቻ ነው የሚያየው። ትንሽ አየኝ። «እንግዲያው አትሸጥም» አለ። ይህን የሰማችው ቅቤ ነጋዴዋ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ዳገቱ ላይ በእግር የቀሩት ለቀስተኞች በእልልታው ተደናግረው ቆሙ።

ጫፍ ላይ ባሌ መኪናዋን አቁሞ መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ። «ሰው እያለቀሰ አልፌ ሄድሁ» አለኝ። «መመለስ አለብኝ።»

ተመለስን። ያለፋቸው ሰዎች ጋ በየተራ እየቆመ፣ እየወረደ፣ ኮፍያውን እያወለቀ ይቅርታ ጠየቀ። ማንም አልሞተም ሲል እንደገና ሊያለቅሱ ይቃጣቸዋል፤ ያኔ ሽማግሌው በመስኮት ራሳቸውን ያወጣሉ። ታች ዶማዋን የጣለችው ሴት ብቻ አኮረፈች።

«ያለቀስሁት ያለቀስሁት ነው» አለች ለሽማግሌው። «ሲሞቱ አልመጣም።»

«ትመጫለሽ» አሏት። «የዛሬው ለመኪናዋ ነው።»

ባሌ ሽማግሌውን ወደ ቤታቸው ሊመልስ መኪናዋን አዞረና ወደ እኔ ዘንበል አለ። «ነገ ለዲምቱ ሰዎች በጠዋት እመጣለሁ ብያለሁ» አለኝ። «ቁርሴን አስቀድሚልኝ።»