ብር አጋቢው ላቀው

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ፣ የባሕር ዳር መኪኖች ታጥፈው በሚገቡበት ጥግ፣ ላቀው ጃንጥላውን ዘርግቶ ይቀመጣል። ከፊቱ ትንሽ ጠረጴዛ አለች፤ በላይዋ የዱቄት ሙጫ የያዘ ጣሳ፣ መቀስና የወንዝ ልስልስ ድንጋይ። ጫማ የሚጠርግ መስሎት እግሩን የሚዘረጋለት እንግዳ አይጠፋም። የአገሩ ሰው ግን ያውቀዋል። መሃሉ ተበጥሶ ሁለት የሆነ ብር ይዞለት ይመጣና፣ "ላቀው፣ እስኪ እነዚህን አጋባልኝ" ይለዋል።

ማጋባት የራሱ ቃል ነው። ገና ሥራውን ሲጀምር አንዱ መንገደኛ ቆሞ፣ "ምን ትሠራለህ አንተ?" ቢለው፣ "ተፋትተው የመጡትን አጋባለሁ" አለ። ለቀልድ ያላት ነገር ከዚያ ወዲያ ስም ሆና ቀረች። ግራው ግማሽ ባል፣ ቀኙ ግማሽ ሚስት ነው። ጥግ ጥጉ ብቻ የተቀደደው ደግሞ ተጣልቶ የታረቀ ይባላል።

ወደዚህ ሥራ የገባው ወዶ አይደለም። አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነ። ያኔ አንድ ብር ገና ወረቀት ነበረች። በመቀነት ተቋጥራ፣ በቅቤ ነጋዴ እጅ ታሽታ፣ በበርበሬ ከረጢት ውስጥ ከርማ ረዳቱ ጋ ስትደርስ አሮጌ ጨርቅ ሆናለች። ተሳፋሪው "ይሄ አይሄድም፣ ቀይርልኝ" ብሎ ይመልስለታል። ማታ ደግሞ ሾፌሩ ሰይፈ፣ "ይሄ አይሄድም" ብሎ ከአበሉ ይቆርጥበታል። ላቀው አልሄድ ያሉትን ሰብስቦ ቤቱ እየወሰደ፣ ከጀርባቸው ስስ ወረቀት እየለጠፈ፣ በድንጋዩ እያለሰለሰ ይጠግናቸው ጀመር። እነሱም ሄዱለት። የሱ ብሮች ሲሄዱ ያዩ ሌሎች ረዳቶችም የራሳቸውን አመጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሚኒባሱ ወረደና ጃንጥላ ገዛ።

አንድ ብር ወደ ሳንቲም ስትለወጥ ግማሽ ገበያው ጠፋ፤ ብረት አይቀደድም። እሱ ግን አምስቱም አሥሩም ገና ወረቀት ናቸው ብሎ ቦታውን አልለቀቀም።

ከአምለሰት ጋር ያገናኘው ስሕተቱ ነው። የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ የቡሬ ልጅ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጥታ የተጠገነ መቶ ብር ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

"አጋቢው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ምን ልርዳሽ?"

"እነዚህ ያጋባሃቸው ሁለቱ ዘመዳሞች አይደሉም።"

"ዘመዳሞችማ ቢሆኑ መች ይጋባሉ" አለ ላቀው።

ሳቋ መጣባት፤ ዋጥ አደረገችው። "ይኸው ባዕድ ስለሆኑ ባንክ መለሰኝ። ቁጥሩን እየው። በግራም በቀኝም ጽፈውታል፤ ያንዱ ብር ከሆነ ሁለቱ ቁጥር አንድ ነው። ይሄ ግን የሁለት ብር ግማሽ ግማሽ ነው።"

ላቀው አየ። ያን ሁሉ ጊዜ ብር ሲገለብጥ ኖሮ ቁጥሩ ሁለቴ መጻፉን ልብ ብሎት አያውቅም። ወንዱን ልጅ በሴት ስም ያጠመቀ ቄስ ያህል አፈረ። ከኪሱ ደህና መቶ አውጥቶ ሰጣት፤ ያንን መልሶ አላቀቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን ቁጥር ሳያስተያይ ሙጫ አልነካም።

እሷም ዓርብ ዓርብ ወደ ቡሬ ስትሳፈር ጃንጥላው ሥር ትቆም ጀመር። የምታነበው ብዙ ነው፤ ያነበበችውንም ታወራለታለች። የብር ወረቀት ከእንጨት ሳይሆን ከጥጥ እንደሚሠራ የነገረችውም እሷ ናት።

"ነጠላ ነው በይኛ።"

"ነጠላ ነው። ሱሪ ኪስ ውስጥ ተረስቶ ታጥቦ የሚወጣው ለምን ይመስልሃል? ደብተርህ ቢሆን ገንፎ ሆኖ ነበር።"

ተመርቃ ቡሬ አካባቢ ማስተማር ስትጀምር ላቀው ሽማግሌ ላከ። አባቷ መሪጌታ ዘሚካኤል በቡሬ ዳርቻ ባለች ደብር ቅኔ ያስተምራሉ፤ ያረጁ የብራና መጻሕፍትንም በእጃቸው ይጠግናሉ። ሽማግሌ ሆኖ የሄደው ያ አበል ይቆርጥበት የነበረው ሾፌር፣ አያ ሰይፈ ነው፤ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር።

መሪጌታ በጥሞና ሰሙ። ከዚያ፣ "ልጁ ምን ይሠራል?" አሉ።

"ያጋባል፣ የኔታ" አለ አያ ሰይፈ።

መሪጌታ ቀና አሉ። "ካህን ነው?"

"የለም፤ ብር ነው የሚያጋባ።"

"ብር ከማን ጋር?"

"ብር ከብር።"

"እኛ ዘንድ የመጣችሁ ሌላውን አጋብቶ ሲያበቃ ነዋ" አሉ መሪጌታ። ሽማግሎቹ ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። "ልጄን አልከለከልኩም። ግን በነፋስ የሚገለበጥ ጃንጥላ ሥር አላስቀምጣትም። የሚዘልቅ ሥራ ይያዝ። ከመስቀል በኋላ እንነጋገር።"

መስቀል ሳይደርስ፣ መስከረም 2013 ገና እንደባተ፣ በሬዲዮ ተነገረ፦ አሥሩ፣ ሃምሳውና መቶው ብር ሊለወጥ ነው። ባለ ሁለት መቶ የሚባል አዲስ ብርም ይመጣል። አሮጌው ብር በሦስት ወር ውስጥ ባንክ ካልገባ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

አያ ሰይፈ ጃንጥላው ሥር መጥቶ ቁጢጥ አለ። "ደንበኞችህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሊቀበሩ ነው" አለው።

"አዲሱም ቀኑን ጠብቆ ያረጃል፣ አያ ሰይፈ።"

"ያረጃል። አምለሰት ግን ብር እስኪያረጅ ትጠብቅሃለች?"

መስቀል አለፈ፤ ላቀው ሽማግሌ መልሶ አልላከም። ምን ይዘው ይሂዱ? የባንክ ሰልፍ በመንገዱ ዳር ይረዝማል፤ ከሰልፉ የሚወጣው ሰው እጅ ላይ ያለው ብር ጠርዙ እንደ ቢላ የሚቆርጥ አዲስ ነው። ጠጋኝ የሚሻ አንድም አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አምለሰት ደወለች።

"አባባ ይፈልጉሃል። ዛሬውኑ ና።"

"ለምን?"

"በኔ ጉዳይ አይደለም። ደስ አይበልህ።"

መሪጌታ ግቢ ሲደርስ፣ ከዋርካ ጥላ ሥር አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። ያይኔአበባ ትባላለች፤ ከቡሬ ወዲያ ማዶ ያለች ባሏ የሞተባት ገበሬ። በርበሬና በቆሎ ሸጣ ዓመት በዓመት ያጠራቀመችውን ማሰሮ ውስጥ አድርጋ መደብ ሥር ቀብራው ኖራለች። ጥማድ በሬ ልትገዛ ነው፤ መሬቷን ላራሽ ሰጥታ እኩል ማካፈሉ መሯታል። ለለውጡ ብላ ብታወጣው ማሰሮው ተሰንጥቆ፣ ክረምቱ ከላይ አርጥቦት፣ ምስጥ ከታች በልቶት፣ እንደ ኩበት አንድ ላይ ደርቆ አገኘችው። መሪጌታ ጣሪያ ያፈሰሰበትን የደብሩን መጽሐፍ ሲያድኑ አይታ ስለነበር ወደሳቸው አመጣችው። እሳቸው ደግሞ ብር ነክተው ስለማያውቁ ላቀውን አስጠሩ።

"የተጣበቀ ብራና እንዲህ ነው የሚሆን" አሉ መሪጌታ፣ ኩበቱን እያሳዩት። "ብራና ግን ውሃ አይነካም። ርጥብ ጨርቅ አጠገቡ ታኖርለታለህ፤ ወዙን ቀስ ብሎ ይጠጣና ራሱ ይላቀቃል። ይሄንንስ?"

"ይሄ ብራናም ወረቀትም አይደለም፣ የኔታ። ጥጥ ነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይግባ።"

"ውሃ? ወንድሜ፣ የተረፈኝንም ልታጥበው ነው?" አለች ያይኔአበባ።

"ነጠላሽ ሲታጠብ ያልቃል እንዴ፣ እትየ?"

ሳፋ ቀረበ። ያይኔአበባ ፊቷን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዞረች። ኩበቱ ውሃውን ቀስ በቀስ ጠጣ፤ ጭቃው ለቀቀ፤ ጠርዝ ጠርዙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መለያየት ያዘ። መሪጌታ ብራና የሚያላቅቁባትን ስስ የቀርከሃ ስንጥር አመጡና አጠገቡ ቁጭ አሉ። ላቀው ውሃ ውስጥ ይዞ ያላላል፤ እሳቸው ስንጥሯን በመሃል አስገብተው ያነሳሉ።

"ዛሬስ ሥራህ ማፋታት ሆነ" አሉት።

"በስምምነት ከሆነ ነውር የለውም፣ የኔታ።"

አሁን መሪጌታ ፈገግ አሉ።

ብሩን ሰሌን ላይ አሰጡት። እስኪደርቅ ወሬ መጣ። መሪጌታ ከአንገታቸው በማተብ ያንጠለጠሏትን ጠገራ አወጡ፤ አንዲት ወፍራም ሴት የተቀረጸችባት የድሮ ብር።

"ብር ማለት ይህች ናት። ማዕድኗ ብር ስለሆነ ብር ተባለች። ወረቀቱ ስሟን ወርሶ ነው የሚኮራ" አሉ። "ዓመቱም ተጽፎባታል፣ 1780። በመሳፍንቱ ዘመን የተሠራች፤ ከቅድመ አያቶቼ የወረደች።"

"ቁጥሩ እኮ የፈረንጅ ነው፣ አባባ" አለች አምለሰት። "ደግሞ የተቀረጸችው የፈረንጅ ንግሥት የሞተችበት ዓመት ነው። ከሞተች በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲሠሩት ኖረዋል። የርስዎ ምናልባት አያትዎ ጎረምሳ ሳሉ የተሠራች ትሆናለች።"

መሪጌታ ጠገራዋን አገላብጠው አዩ። "ዓመቱን ያልቀየሩት ለምንድን ነው?"

"የኛ ሰው የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ስላለ ነው ይባላል። ሰው ጌጧን እያየ፣ ፈርጧን እየቆጠረ ነበር የሚቀበል።"

"ሞታም ሥራ ያልፈታች ሴት" አሉ መሪጌታ፤ ነገሩ ደስ ብሏቸው እየደጋገሙ ሳቁ። "ከሷ በፊትማ ጨው ነበር። አሞሌ። በክረምት እንዳይሟሟ ምድጃ ላይ ጭስ ውስጥ ይሰቅሉታል። ወዳጅ ከወዳጅ ሲገናኝ ከአሞሌው ያስልሰው ነበር ይላሉ።"

ያይኔአበባ ነጠላዋን ከፊቷ አነሳች። "የኔም ጨው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ መደቡን አጣፍጦት ነበር" አለች። ከመጣች ጀምሮ ስትቀልድ የመጀመሪያዋ ነው።

አብዛኛው ብር ደህና ሆኖ ደረቀ። ምስጥ የደረሰበት ግን ግማሹ የለም። ያንዱ ግራ ተርፏል፣ የሌላው ቀኝ። መሪጌታ አንድ ግራና አንድ ቀኝ አንስተው ቢያጋጥሟቸው ልክ መጡ።

"ታዲያ እነዚህን አጋባቸዋ" አሉ። "ባንኩ በሰው ተጨናንቋል። ማን ልብ ብሎ ያያል? ይቺ ሴት ናት የምትጎዳው።"

የያይኔአበባ ዓይን ላቀው እጅ ላይ ነበር። አምለሰትም ታየዋለች። አባቷ ፊት እንዲህ ያለ ዕድል ዳግም እንደማይመጣለት ላቀው ያውቃል። እምቢ ማለት አንድም ሴትዮዋን ማስከፋት፣ አንድም የኔታን መቃወም ነው።

ሁለቱን ግማሾች ተቀብሎ ቁጥራቸውን አስተያየ። ከዚያ ለየብቻ አኖራቸው።

"አይሆንም፣ የኔታ። ባዕድ ናቸው። አንዴ እንዲህ ሠርቼ የሰው ልጅ ከባንክ ተመልሳለች። እትየ ያይኔአበባ እኔ በሠራሁት ፖሊስ ፊት ብትቆምስ? ደህናውንም ይዘው ያስቀሩባታል።"

"በሬዬስ?" አለች ያይኔአበባ ቀስ ብላ።

"ከግማሽ የሚበልጥ የተረፈላቸውን ለብቻ እለይልሻለሁ፤ ቁጥራቸው እንዲታይ አድርጌ እጠግናቸዋለሁ። ባንክ አብሬሽ እሰለፋለሁ። የቀረው ግን ቀርቷል።"

መሪጌታ ስንጥሯን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ቤት ገቡ። ላቀው የሆነው ሆኗል አለ በልቡ፤ ጎንበስ ብሎም ሥራውን ቀጠለ።

በማግሥቱ ቡሬ ባንክ ሰልፉ ደርሷቸው ገቡ። ገንዘብ ያዡ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን እያነሳ አየ። ከጥቂቶቹ በቀር ተቀበላቸው። ያይኔአበባ የወጣችው አዲስ የሒሳብ ደብተር ይዛ ነው፤ ለአንድ በሬ ይበቃታል፣ ለሁለት አይበቃም።

"አንዱን ልግዛ" አለች። "አንድ በሬ ብቻ ያላት ጎረቤት አለችኝ፤ ተቀናጅተን እናርሳለን። ከማካፈል ይሻላል።" ላቀውን ጉልበቱን ልትስም ስትል ወደ ኋላ ሸሸባት። ዋጋ ጠየቀችው፤ የሙጫውን ብቻ ተቀበለ።

ሊሰናበት መሪጌታ ግቢ ሲመለስ እሳቸው በር ላይ ቆመዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡት። ገልጦ አየ፤ ስፌቱ የተበጠሰ፣ የእንጨት ገበታው የላላ የብራና ዳዊት ነው።

"ዓይኔ እየደከመ ነው" አሉ። "በየደብሩ እንዲህ ያለ ሞልቷል፤ የሚጠግነው ጠፍቶ ነው እንጂ ካህናቱ ይከፍላሉ። ይህችን ይዘህ ሂድ። ሙጫ እንዳታስነካት፤ በጅማት ነው የምትሰፋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ና፣ አሳይሃለሁ።"

"እሺ፣ የኔታ።"

"ጥር ላይ ደግሞ መንገዱ ደረቅ ነው።"

"አዎ፣ የኔታ" አለ ላቀው። "አቧራው ነው እንጂ።"

መሪጌታ ትክ ብለው አዩት። "አቧራውስ ችግር የለውም" ብለው ገቡ።

አምለሰት እስከ አስፋልቱ ሸኘችው። ዳዊቱን ሁለት እጁ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

"ምን አሉህ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ና አሉኝ። ሥራ ሊያስተምሩኝ ነው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም። ጥር መንገዱ ደረቅ ነው አሉ።"

አምለሰት ቆመች። "አንተስ ምን አልክ?"

"አቧራው ነው እንጂ አልኳቸው።"

ሳቋ አላስቆም ብሏት የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሱ ግራ ተጋብቶ ያያታል።

"ላቀው፣ ቅኔ መምህር ከዚህ በላይ አፍርጦ እንዲናገር ፈልገህ ነው? ጥር ላይ መንገዱ የሚደርቀው ለማን ነው? ለሽማግሌ ነው እንጂ።"

የፍኖተ ሰላም ሚኒባስ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ "ፍኖተ፣ ፍኖተ" እያለ ጠበቀው። ላቀው አልሰማውም። ረዳቱ ጥቂት አይቶት ሾፌሩን "ሂድ፣ ይሄ የሚሳፈር አይደለም" አለው።