የቅቤ ነጋዴዋ ፊት

ዳምቦያ ገበያ ቅቤ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ አልነበረም። «ገነቴ ወጥታለች?» ነበር የሚለው። ከወጣች ወደ እሷ ይሄዳል። ካልወጣች የሌላ ሴት ቅቤ በጣቱ ጫፍ ነክቶ፣ እጁ ጀርባ ላይ አሽቶ፣ አሽትቶ፣ ቅር እያለው ይገዛል። ገነቴ ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ፊቷ ትደረድራለች እንጂ ገዢ አትጣራም። ባዕድ ነገር አትደባልቅበትም፤ ውሃ አታስይዘውም። ባሏ የሞተው አንድ ልጃቸው ገና ዳዴ ሲል ስለነበር፣ ልጁን አሳድጋ፣ አስተምራ ሆሳዕና ኮሌጅ ያደረሰችው በዚሁ ቅቤ ነው።

ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት። አይኖቿ ወደ ውስጥ የገቡ፣ ጉንጮቿ የጎደጎዱ፣ የፊት ጥርሶቿም የወለቁ ናቸው። ግን ሳቂታ ስለሆነች እንዲህ ያለ ፊት እንዳላት ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ልጇ ዕንባቆም ኮሌጁን አልጨረሰም። እዚያው ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ ሰፈር ፎቶ ቤት ከፈተ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ልደት፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳል። ገበያው ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን ሰለቸው። ተማሪ ሳለ ቪዲዮ ቤት እየገባ ያያቸው፣ ጥቁርና ነጭ የሆኑ የድሮ አስፈሪ ፊልሞች ከጭንቅላቱ አልወጡም ነበር። ከመቃብር የምትነሳ ሙሽራ፣ ደም የሚመጥ ባለ ካባ ጨዋ ሰው፣ ደረጃ ለደረጃ የሚወጣ ጥላ። እነሱን በሆሳዕና ልጆች እያስመሰለ ማንሳት ጀመረ። ለተመራቂ የሚያከራየው ጥቁር ጋውን ካባ ሆነ። አሮጌ ቬሎ ቀዶ፣ ጭቃ ለውሶ፣ አንዲት ተማሪ አልብሶ ባህር ዛፍ መሃል አቆማት። ደሙን የምትሠራው ሚስቱ ማህሌት ናት፤ ቀይ ስር ቀቅላ በማር ታወፍረዋለች። የሙሽራ ሜካፕ ሠራተኛ ነበረችና፣ ሙሽራ የሚያሳምር እጅ ሬሳ ማድረግም አላቃተውም።

ፎቶዎቹ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ሲወጡ ወጣቱ ጉድ አለ። «እኔንም እንደዚያ አንሳኝ» የሚል በዛ። በዚህ መሃል አዲስ አበባ አንድ የፎቶ ውድድር ወጣ። ዕንባቆም ያነሳቸውን ሁሉ ዘርግቶ ሲያይ አንድ ነገር ጎደለው።

«አሮጊቷ ትቀረኛለች» አለ ለማህሌት። «እዚያ ፊልሞች ውስጥ ጨለማ ቤት የምትቀመጥ አንዲት አሮጊት አለች። እሷ ከሌለች ሌላው ጨዋታ ነው።»

ማህሌት አንዲት ጎረቤታቸውን ቀባብታ አስረጀቻት። ዕንባቆም አንድ ጊዜ አይቶ ካሜራውን አስቀመጠ።

«ይሄ በሜካፕ አይመጣም። እናቴ ጋ እንሂድ።»

ገነቴ እንደሚመጡ ሲደወልላት ለበዓል ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን ቀሚስ ለብሳ ጠበቀቻቸው። ልጇ በስልክ «ፎቶሽን በትልቁ አሳጥቤ ሳሎን ልሰቅለው ነው» ብሏት ነበር።

«ይሄን አውልቂው እማዬ» አላት ገና እንደገባ። «ላም ስታልቢ የምትለብሺውን አሮጌውን አምጪው።»

«ሳሎንህ ልትሰቅለኝ ነው በዚያ ልብስ?»

«አሁን ፋሽኑ እንደዚያ ነው። ሰው እንዳለ ሲሆን ነው የሚያምረው።»

አመነችው። ልብሷን ቀየረች። ከአንገቷ የማይለየውን መቁጠሪያ ራሱ አወለቀላት። ማህሌት ፊቷን በነጭ ዱቄት አለበሰችው፣ የአይኖቿን ዙሪያ አጠቆረች፣ ፀጉሯን ፈታ በተነችው። ገነቴ የሰው እጅ ፊቷን ሲዳብሰው ደስ ብሏት አይኗን ጨፍና ተቀመጠች።

«ሙሽራ አደረግሽኝ፤ መስታወት አልያዛችሁም?»

«ፎቶው ላይ ያዩታል እማማ» አለች ማህሌት።

ዕንባቆም እናቱን ከቤቱ ጀርባ፣ ከብቶቹ ከሚያድሩበት አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጣት። መብራቱን ከታች ወደ ላይ አበራባት። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ገነቴ ትስቃለች። ልጇ ካሜራውን ባነሳ ቁጥር ከንፈሯ ይከፈታል። «አትሳቂ» ሲላት ትሰበስበዋለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እንዴት አድርጌ ነው አንተን እያየሁ የማልስቀው?» ትለዋለች።

ዕንባቆም ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ አሰረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እማዬ፣ መንገር አቅቶኝ ነው እንጂ ጠዋት ከሺንሺቾ ተደውሎ ነበር» አለ። «አጎቴ ሀብተሚካኤል አርፏል።»

«ዕንባቆም!» አለች ማህሌት። እሱ ዞሮም አላያትም። ጣቱ የካሜራው ቁልፍ ላይ ነበር።

ሀብተሚካኤል ሺንሺቾ የሚኖረው የገነቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከእናቷ ልጆች የቀራት እሱ ብቻ ነው። ገነቴ በመጀመሪያ አልጮኸችም። አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። አይኖቿ ልጇ ላይ ፈጠጡ። ከዚያ ሁለት እጆቿ ወደ ፀጉሯ ወጡና ከሆዷ ውስጥ የሆነ ድምፅ መጣ፤ ላሟ ከጋጣዋ ብድግ አለች። ዕንባቆም አነሳ። ደረቷን ስትደቃ አነሳ፤ ከበርጩማው ስትንሸራተት አነሳ፤ እንባዋ ዱቄቱን እየሰነጠቀ ሲወርድ ካሜራውን ከመቆሚያው ፈትቶ ቀረብ ብሎ አነሳ። ከዚያ የካሜራውን ስክሪን አየና «በቃ፤ መጣ» አለ።

ቀጥሎ አጠገቧ ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ውሸቴን ነው። ደህና ነው። ለፎቶው ብዬ ነው።»

አላመነችውም። ደውሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገላት።

«ገነቴ? ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አለ ሀብተሚካኤል።

«ምንም» አለች። «ናፍቀኸኝ ነው።»

ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ውሃው ጠቆረ። ከዚያ ቆጮ ቆርሳ፣ አይብ ጨምራ አቀረበችላቸው። ማህሌት አልነካችውም። ዕንባቆም በላ፤ ደገመም።

ሆሳዕና ሲመለስ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረገው፤ የአይኖቿን ብሌን በኮምፒውተር አጥፍቶ ነጭ አስመሰለው። ውድድሩን አሸነፈ። በትልቁ አሳጥቦ ሰቀለው፤ የሰቀለው ግን ሳሎን ሳይሆን ፎቶ ቤቱ መግቢያ ላይ ነበር።

ፎቶው ግን እዚያ ተሰቅሎ አልቀረም። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የዕንባቆም ስም ወደቀ፤ የውድድሩ ነገርም ወደቀ። አንድ የማይታወቅ ሰው «በከምባታ እጅ ከፍንጅ የተያዘች ቡዳ» ብሎ ጻፈበት። ዳምቦያ የደረሰው ይህን ጽሑፍ ይዞ ነው።

ርብቃ ከተማው ውስጥ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። ስንት ዘመን ቅቤ የምትገዛው ከገነቴ ብቻ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ዘንቢሏን ይዛ በገነቴ ፊት አለፈች።

«ርብቃ፣ ምነው ዛሬ ዘለልሽኝ?»

«ቅቤ አለኝ እማማ» አለች ርብቃ መሬት መሬት እያየች። ሄዳ ከወዲያኛው ረድፍ ገዛች።

ያን ቀን ማንም አልገዛትም። ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች ቅቤያቸውን ከእሷ ራቅ አድርገው ደረደሩ። በመጨረሻ አንዷ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ገነቴ ያን ፎቶ ያየችው ያኔ ነው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ እኮ የወንድሜ ለቅሶ ነው» አለች።

«ወንድምሽ መቼ ሞተ?»

«አልሞተም።»

ሴቶቹ ተያዩ። ገነቴ የቀረውን ለማስረዳት አፏን ስትከፍት አንዷ ልጇን ብድግ አድርጋ በነጠላዋ ሸፈነችው።

የቤተ ክርስቲያናቸው መምህር ገብረክርስቶስ እሁድ ከጸሎት በኋላ ተነስተው ተናገሩ። ፎቶው ቲያትር መሆኑን፣ ያነሳውም የገዛ ልጇ መሆኑን አስረዱ። ምዕመኑ ራሱን ነቀነቀ። በገበያው ቀን ግን ቅቤዋን የነካ የለም። ዕንባቆም ነገሩን ሲሰማ መጣና ገበያ መሃል ቆሞ ስልኩን ለሰው ሁሉ አሳየ፤ «ይኸው፣ ሌሎችም አሉኝ፤ ሥራዬ ነው» እያለ ባለ ጭቃ ቬሎዋን ሙሽራ፣ ከአፉ ደም የሚንጠባጠበውን ባለ ካባ ደረደረላቸው። ሰው እየተጋፋ አየ። ሲሄድ ግን «ልጅየውም ከእነሱ ነው ለካ» ተባለ።

ከዚያ በኋላ አንዲት እናት የታመመ ልጇን አዝላ ገነቴ ደጅ መጣች።

«እትፍ በይበትና ልቀቂልኝ» አለች። «ሌላ ነገር አልፈልግም። ልጄን ልቀቂልኝ።»

«እኔ ምን አድርጌው ልልቀቀው? ጤና ጣቢያ ውሰጂው እንጂ።»

ሴትዮዋ አልሄደችም። ደጁ ላይ ተንበርክካ ታለቅሳለች፤ ሰው ይሰበሰባል። ገነቴ ስታማርር ቆይታ፣ ትሂድልኝ ብላ፣ ልጁ ግንባር ላይ እትፍ አለች። ልጁ ዳነ። ከዚያ ወዲያ በዳምቦያ ቡዳ መሆኗን የሚጠራጠር ሰው አልቀረም። ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ መውረድ ጀመረ፤ ላሟንም የሚያግድላት ጠፋ።

ዕንባቆም ላሟን ሸጦ እናቱን ሆሳዕና ወሰዳት። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጣት። እዚያ የምታውቀው ሰው የለም፤ በዙሪያዋ የሚወራው ሀዲይኛ ነው፣ እሷ ከምባትኛዋና የተሰባበረ አማርኛዋ ብቻ ነው ያላት። ግን ሰው አወቃት። ፎቶ ሊነሱ የመጡ ልጆች መግቢያው ላይ የተሰቀለውን አይተው፣ ከጓዳ ብቅ ስትል እሷን አይተው ጮኹ፤ ከዚያ ተሳሳቁ። «ከእሷ ጋር አንሳን» አሉት።

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀመጪላቸው» አላት።

«አልቀመጥም።»

«ምን ይጎድልሻል? እዚሁ ቁጭ ነው የምትዪው። የምንበላው እኮ ከዚህ ነው።»

ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ብቻ አልሆነም። ተመራቂዎች አበባቸውን ይዘው በግራ በቀኟ ይቆማሉ፣ የፈሩ መስለው አይናቸውን ያፈጣሉ። እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ታያለች። አሁን አትሳቂ የሚላት አላስፈለገም።

ማህሌት ወንድ ልጅ ስትወልድ ገነቴ ነፍሷ መለስ አለላት። አራስ መጠየቅና ማረስ የምታውቀው ሥራ ነው። ማልዳ ተነስታ ቅቤ አነጠረች፣ ገንፎ አገነፋች፣ ይዛ ገባች። ማህሌት ሳህኑን ተቀበለች፤ ህፃኑን ግን ወደ ግድግዳው አዞረችው። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ህፃኑ አተኮሰው፣ ጡት እምቢ አለ። ገነቴ ልታቅፈው እጇን ስትዘረጋ ማህሌት ብርድ ልብሱን ሳበችበት።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባያዩት ይሻላል።»

ገነቴ የተዘረጋ እጇን ወዲያው አልሰበሰበችም።

«ማህሌት፣ ዱቄቱን የቀባሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

ማህሌት አለቀሰች። «እኔ የቀባሁት ዱቄት ነው። ብዙ ሰው ቀብቻለሁ፤ እንደዚያ የሆነ የለም። ያ ፊት ከዱቄቱ አልመጣም።»

«አልመጣም» አለች ገነቴ። «ልክ ነሽ፣ ከዱቄቱ አልመጣም።»

ዕንባቆም በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እናቱ ዞራ አየችው፤ አንድ ቃል እንዲናገር ጠበቀችው። እሱ «ለጊዜው እማዬ፣ ህፃኑ እስኪሻለው» አለ።

የዚያኑ ቀን መቁጠሪያዋንና ሁለት ቀሚሷን በፌስታል አድርጋ መናኸሪያ ወረደች፤ ሺንሺቾ ሄደች።

ሀብተሚካኤል ታሪኩን ከአፏ ሲሰማ በትሩን ይዞ ተነሳ። «እኔን ገድሎ ፎቶ የሚያነሳ!» አለ። ሊረግመው ነበር፤ ገነቴ አፉን በእጇ ያዘች። ቆይቶ ዕንባቆም ሽማግሌ ይዞ መጣና እግሯ ላይ ወደቀ። ሽማግሌ ፊት እምቢ አይባልምና «ይቅር ብያለሁ» አለችው።

«እንግዲያው ወደ ቤት እንሂድ» አለ።

«ህፃኑን ታሳቅፉኛላችሁ?»

ዕንባቆም ሽማግሌዎቹን አየ፤ ሽማግሌዎቹም እሱን አዩ። ከሄዱ በኋላ ፎቶውን ከመግቢያው አውርዶታል አሉ። በስልክ ያለውን ግን ማን ያወርደዋል? ህፃኑ አድጎ መሮጥ ጀምሯል፤ ገነቴ እስከ ዛሬ አላቀፈችውም።

አሁን የምትኖረው ከሀብተሚካኤል ጋር ነው። የእሱ ልጅ ሮማን ላሞች አሏት፤ ወተቱን የምትንጠው ገነቴ ናት፣ ገበያ የምትወጣው ሮማን ናት። ቅቤው ሺንሺቾ ላይ ስም አወጣ። ዱራሜ ያሉ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ቤት ድረስ ይመጣሉ። የመኪና ድምፅ ሲሰማ ሮማን፣

«እትዬ፣ ሰው መጣ» ትላታለች ሳታያት። ገነቴ ተነስታ ከመጋረጃው ጀርባ ትገባለች።

በቀደም አንዲት ነጋዴ መጥታ ቅቤውን እጇ ጀርባ ላይ አሸችው፣ አሸተተችው።

«እንዲህ ያለ ቅቤ እኔ የት አግኝቼ አውቃለሁ! የራስሽ እጅ ነው?»

«የራሴ ነው» አለች ሮማን።

«እጅሽ ይባረክ።»

«አሜን።»

መኪናው እስኪርቅ ሮማን በሩ ላይ ቆየች። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «ሄደች» አለች። ገነቴ ወጥታ የጀመረችውን መናጥ ቀጠለች።